የግድግዳው ዛፍ

ቀን መቁጠሪያው መጋቢት ነው፣ በረዶው ግን አልሰማም፤
እንደ አበዳሪ ደጃፍ ይዞ ተቀምጧል፣ አይነሣም።
አኪታ ውስጥ፣ ባለ አንድ ፉርጎ ባቡር በምታልፍባት መንደር፣
የአረጋውያን የቀን መዋያ፤ አሥራ አንድ ወንበር፣
አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ባዶ ግድግዳ፤
እኔ ሪሆ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ለሥራው እንግዳ።

«ጸደይን እንሥራ!» አልኩ፣ በመዋዕለ ሕፃናት ድምፅ፤
ሮዝ ወረቀት፣ ኮላ፣ ክር፣ ጣት የማይቆርጥ መቀስ
በየፊታቸው ደረደርኩ። ቶኩጂ መቀሱን አዩት፤
በሁለት ጣት፣ እንደ ሞተ ዝንብ፣ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።
ሃምሳ አንድ ዓመት የመንደሩን ጠጉር የከረከሙ፣
ሙሽራውን ያሳመሩ፣ ሬሳውን ያስተካከሉ፣
አንድም ጆሮ ያላደሙ።

በማግሥቱ መጡ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ
የገዛ ብረታቸውን ይዘው፤ ማንም ምንም አላለ።
እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ይደፋል፣ ቁልፍ ይስታል፤
መቀሱ ወረቀት ሲነካ ግን፣ እንዴት እንደሆን እንጃ፣ ይረጋል።
«የሳኩራ ቅጠል» አሉኝ «ጫፏ ላይ ስንጥቅ አላት፤
ስንጥቋን ከዘነጋሽ፣ ልጄ፣ ያቺ የኮክ አበባ ናት።»
ያን ቀን የሠራሁትን ሁሉ ሰብስቤ ጣልኩት፤
ሙሉ ዛፍ ኮክ ነበር ለካ፣ ሳላውቀው የቆረጥኩት።

ፉሳኖ ዓይናቸው አያይም፤ ስስ ወረቀት ይጨመድዳሉ፣
ያድበለብላሉ በመዳፍ፣ «ይቺ እምቡጥ ናት» ይላሉ።
አንዷ እንደ ጠጠር ከበደችኝ፤ ከፈት አድርጌ አየኋት፤
ውስጧ ከረሜላ አለ፤ ምን ላድርግ፣ እንዳለች ለጠፍኳት።

ግንዱ የኪኑዮ ነው። ቡናማ የሩዝ ከረጢት አርሰው፣
እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዘው፣ በጉልበታቸው ላይ አሽተው፣
ቅርፊት አስመሰሉት። ከዚያ፣ ሻይ ሳይጠጡ፣ ረሱት።
«ይህን ዛፍ ማን ሠራው?» ይላሉ፣ ባዩት ቁጥር እያደነቁት።
«እርስዎ ነዎት» ስላቸው፣ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው
ይስቃሉ፤ «እኔ የሩዝ ገበሬ ነኝ! ጊዜዬን መቼ አግኝቼው?»

ዛፉ አበበ። ጎብኚ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ተወደደ።
ከዚያ ወዲያ ከምሳ በኋላ፣ ነገሩ ተበላሸ፦
ወለሉ ላይ አምስት አበባ። ስድስት። አንድ ቀን አሥራ ሁለት።
ኮላውን ረገምኩ። በገንዘቤ ሌላ ገዛሁ፣ የጫማ ሰፊ ዓይነት።
ለጠፍኩ። ወደቀ። ለጠፍኩ። ማታ ሕልሜ ሁሉ ኮላ።

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ እንቅልፍ ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ፣
መጋረጃ ጥግ ቆሜ አየሁ፦ ኪኑዮ በጣቶቻቸው ቆመው፣
በጥፍራቸው ጫፍ አንዷን ቅጠል ቀስ ብለው ፈልቅቀው
ለቀቋት። ወረደች። እስክታርፍ ድረስ አዩአት።
ከዚያ ሌላ።
ልጮኽ አፌን ስከፍት፣ ከጥግ ወንበር፣ ያልተኙት
ቶኩጂ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉት።
ለካ እሳቸው ያውቃሉ። ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር።
ሌባው ያልታየኝ እኔ ብቻ፣ ዓይን አለኝ ባይዋ፣ ነበርኩ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እንደ ልጅ አንገቴን ደፍቼ።
ኪኑዮ ገረመኝ ብለው አዩኝ፦ «አንቺ ደግሞ፣ አታውቂም እንዴ?
አበባው በጊዜው ካልረገፈ፣ ዘሩ መቼ ሊፈስ ነው?
ውሃው ደርሷል፤ መሬቱ ደርሷል። ይህን ዛፍ ነው የምንጠብቀው።»

በመስኮቱ አየሁ፦ በረዶው አልነበረም።
መቼ እንደሄደ ልብ አላልኩም፤ ኮላ ስቀባ ነበር።

በወሩ መጨረሻ ግንዱ ብቻ ቀረ፣ ከአንዲት እምቡጥ ጋር፤
ኪኑዮ ሊፈለቅቋት ሞክረው አልሆነም፤ ከብዳለች በስኳር።
ቶኩጂ መቀሱን በመሐረብ ጠረጉና፣
«አረንጓዴ ወረቀት አለሽ?» አሉኝ።
አልነበረኝም። ሱቁ ሊዘጋ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል፤
ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። ከኋላዬ፣ በሩ ሳይዘጋ፣
የኪኑዮ ድምፅ ይሰማኛል፣ በንዴት፦
«ይህን የመሰለ ዛፍ፣ ማነው ያራገፈው?»